የቪኤምኤስ ምልክት ሲቋረጥ የቱና መርከብ ቀን እንዴት ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በፓስፊክ የናውሩ ስምምነት አባል አገሮች የቱና መርከቦችን የሚያስከፍሉት በቀን ነው። 85 ሜትር የምትረዝም፣ ዓሣውን በመረብ ከብባ የምታጠምድ መርከብ ከአባላቱ አንዷ ወደ ሆነችው ኪሪባስ ውኃ ገብታ ለ9 ሰዓት ከቪኤምኤስ (የመርከቦችን ቦታ በሳተላይት ከሚከታተለው ሥርዓት) ብትጠፋ ምን ይደረጋል? ሆን ተብሎ መጥፋቱስ በምን ይለያል?

መልስ 1፦ ቆጠራው በርዝመት ነው። ከ50 ሜትር በታች ግማሽ ቀን፣ እስከ 80 ሜትር አንድ ቀን፣ ከዚያ በላይ አንድ ቀን ተኩል። ስለዚህ ያቺ መርከብ 1.5 ይያዝባታል። አላጠመድኩም የምትል ከሆነ ማስረዳቱ የራሷ ፋንታ ነው።

መልስ 2፦ መጀመሪያ ስሌቱን ሥሩ። ከመጥፋቷ በፊት የታየችበትን የመጨረሻ ነጥብና ከተመለሰች በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ነጥብ ርቀት ለ9 አካፍሉት። ርቀቱ 108 የባሕር ማይል ከሆነ ፍጥነቷ 12 ኖት (በሰዓት 12 የባሕር ማይል) ነው፤ መንገድ ላይ ነበረች። 30 ማይል ብቻ ከሆነ ግን መረብ ጥላ ለመሰብሰብ የሚበቃ ጊዜ ነበራት። ቀጥሎ መሣሪያውን እዩ። ሲመለስ የተጠራቀሙ ነጥቦችን ከላከ ኃይል አልተቋረጠም፣ የተሰናከለው መላኩ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጨው ገብቶበት አረንጓዴ ዝገት ያወጣው የአንቴና ገመድ ማገናኛ ነው። ምንም ካልላከ የኃይል መቋረጥ መልእክት ፈልጉ።

መልስ 3፦ ሰዓቱን እንዳትረሱ፣ እባካችሁ። ቪኤምኤስ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ይመዘግባል፤ የመርከቡ መዝገብ በአካባቢው ሰዓት ከተጻፈ፣ ኪሪባስ ላይ ልዩነቱ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ስለሆነ ቀኑ ይዛባል። ኤአይኤሱም (መርከቧ ማንነቷንና ቦታዋን በሬዲዮ የምታሰራጭበት መሣሪያ) በዚያው ደቂቃ ከጠፋ መርከቧ ላይ የተሳፈረውን ታዛቢ ሪፖርት አስመጡ።