ጅራታም ኮከብ «ጠፋ» ይባላል?

የከዚራው፦ ሰዎች፣ አንድ ቃል አስቸግሮኛል። ጥቅምት 2017 መጀመሪያ ላይ ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ጣሪያ ላይ ወጥተን ነበር። ጸሐይ እንደገባች በምዕራብ በኩል እንደ ጭስ የሳሳ ብርሃን ወደ ላይ ተስቦ አየን። ጹቺንሻን-አትላስ የሚሉት ጅራታም ኮከብ ነው። ታሪኩን ሳነብ፣ ቻይና ያለው የሐምራዊ ተራራ (በቻይንኛ ጹቺንሻን) ታዛቢ ጣቢያ ጥር 2015 ላይ አይቶት ነበር። ሌላ ያየው ስላልተገኘ ማረጋገጫ ከሚጠብቁት ዝርዝር ተሰረዘ። የካቲት ላይ ደቡብ አፍሪካ ያለው የአትላስ ቴሌስኮፕ እንደ አዲስ አገኘው። ስሙ ድርብ የሆነው ለዚህ ነው። እና ይሄን «ዳግም ግኝት» ልበለው? ለጆሮዬ ደረቀብኝ።

ጀጎሏ፦ የቢሮ ቃል ነዋ! «ጠፍቶ ተገኘ» በለው። ስንት ወር ያላየኸውን ጓደኛህን ቀፊራ ገበያ ላይ ብታገኘው «አንተ፣ የት ጠፋህ?» ነው የምትለው። ሰውየው የትም አልሄደም፣ ከዓይንህ ነው የራቀው። የመብራቱ «ጠፋ» ግን ሌላ ነው፤ እሱ በቃ የለም። ኮከቡ የጓደኛህ ዓይነት ነው።

የከዚራው፦ ሃሌይ የሚሉት ጅራታም ኮከብስ? ጥቅምት 1975 አሜሪካ ያለው የፓሎማር ታዛቢ ጣቢያ ላይ ሲያገኙት ከ70 ዓመት በላይ ያየው ሰው አልነበረም። እሱም ጠፍቶ ነበር?

ጀጎሏ፦ እሱማ አልጠፋም። የት እንደሚታይ አስልተው እዚያው ነው የጠበቁት። ለእሱ «ብቅ አለ» ይበቃል። 2053 ሐምሌ ላይም ይመጣል፣ ቀጠሮ አክባሪ ነው።

ጋሽ ለገሃር፦ ልጆች፣ እኔ ደግሞ «ጅራታም» የሚለው አይመቸኝም። ጅራት ከኋላ ነው የሚከተለው። የዚህ ግን ሁልጊዜ ከጸሐይ ተቃራኒ ስለሚዘረጋ፣ ከጸሐይ ሲርቅ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ግሪኮች «ጸጉራም» ነው ያሉት። እኛም ጭራ አለን፤ የፈረሱ ጸጉር፣ ዝንብ የምናባርርበት። «ባለጭራ ኮከብ» ብንለው ለግሪኩ ይቀርባል።

ጀጎሏ፦ ጋሼ፣ ቆንጆ ነው፣ ግን እናቴ ጅራታም ነው የምትለው፤ ማን ደፍሮ ያርማታል?

የከዚራው፦ «ጠፍቶ ተገኘ» ብዬ ጻፍኩት፣ አመሰግናለሁ። ጭራውን ማታ እመለስበታለሁ፣ አሁን እዚህ መብራት... ኧረ ጠፋ።