ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሙሉ ቃሉ ያልወጣ ስምምነት ፍርድ ቤት ውስጥ ይሠራል?

ሰላም የሕግ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ዓርብ የምስለ ችሎት ክርክር አለብኝ። የደረሰኝ ወገን «የሕፃናት መብቶች ስምምነት በቀጥታ ተፈጻሚ ነው» የሚለው ነው።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ የሕግ አካል ናቸው ይላል። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። አንቀጽ 71(2) ግን ፕሬዚዳንቱ በምክር ቤቱ የጸደቁ ሕጎችንና ስምምነቶችን በነጋሪት ጋዜጣ ያውጃል ይላል። የሕፃናት መብቶች ስምምነት የጸደቀበትን አዋጅ ቁጥር 10/1984ን ባየው ማጽደቁን የሚናገሩ ጥቂት አንቀጾች ብቻ! የስምምነቱ ሙሉ ቃል የለበትም። ተከራካሪዬ በዚህች እንደሚያፋጥጠኝ ይታየኛል።

በእጄ ያለው ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ነው። የሞግዚትነት ክርክር ነበር፤ ችሎቱ የስምምነቱን አንቀጽ 3 ጠቅሶ የሕፃኑን ጥቅም አስቀድሟል። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2)ም ያንኑ ስለሚል፣ ስምምነቱ ብቻውን ክርክሩን አሸነፈ ለማለት አፌ አልደፈረም።

ወደ ውጭ ሀገር ብሸሽም አልዳንኩም። እንግሊዝ ፓርላማው በሕግ ካላስገባው ስምምነቱ በፍርድ ቤት መብት አይሰጥም። ለስምምነት በሯን ከፍታለች ያልኳት ኔዘርላንድ እንኳ በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 93 የምትለው «ከታተመ በኋላ» ነው። እሷን ብጠቅስ ራሴን በራሴ መጣል ነው።

የማጽደቂያው አዋጅ መታተም ብቻ ይበቃል የሚል የሰበር ውሳኔ የምታውቁ አላችሁ? የመዝገብ ቁጥሩ ብቻ ቢደርሰኝ ቀሪውን ራሴ እፈልገዋለሁ።