«ከአጋች ጋር ማውራት ልመና ነው» ላልከው

የሽምብጥ ልጅ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ አንዱ «ከአጋች ጋር ማውራት ልመና ነው፤ ፖሊስ ገብቶ መምታት አለበት» ብሎ ጻፈ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር ሲወጣ መንገድ ላይ ታግቶ ነበር። ስልክ ሲጠራ ቤቱ ጸጥ ይላል። የሚያወራው አጎቴ ነው። እህቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ በብጣሽ ወረቀት «አትቆጣ»፣ «ድምፁን አሰማኝ በለው» እያለች ትጽፍለታለች። ይሄ ነው ልመና?

ሰባታሚት፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ ልመና ነው። መጨረሻ ላይ ከፈላችሁ አይደል? አንዱ ሲከፍል ነገ የጎረቤቱ ልጅ ይታገታል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ከፈልን። ወንድምህ ቢሆን አትከፍልም?

ጋሽ መምህር፦ ማውራትና መክፈል ለየቅል ናቸው። በፈረንጆች 1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ ጊዜ የእስራኤል ስፖርተኞች ታግተው ነበር፤ ፖሊስ አየር ማረፊያ ውስጥ በአጋቾቹ ላይ ተኩስ ከፈተ። ተኳሾቹ ለዚያ ሥራ አልሠለጠኑም። እስከዚያ በሕይወት የቆዩት 9 ታጋቾች በሙሉ አለቁ። በዓመቱ የኒው ዮርክ ፖሊስ ተደራዳሪ ማሠልጠን ጀመረ። ከጀማሪዎቹ አንዱ ሃርቪ ሽሎስበርግ፣ በሥነ ልቦና ዶክተር የሆነ መርማሪ ነው። በነሱ አሠራር አዛዡ ራሱ አያወራም። አዛዥ ከሆንክ አጋቹ «አሁኑኑ ወስን» ይልሃል። ተደራዳሪ ግን «ቆይ፣ አለቆቼን ልጠይቅልህ» ማለት ይችላል። በዚህ መሀል ቁጣ ይበርዳል። አጠገቡም እየሰማ ወረቀት የሚያቀብለው ሁለተኛ ሰው አለ። እህትህ ማንም ሳያስተምራት ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ሰባታሚት፦ ጋሼ፣ እሱ ባንክ ውስጥ ለተከበበ ሌባ ነው። የኛዎቹ ያሉት ጫካ ነው። ማን ከበባቸው? በቆየ ቁጥር የሚጨነቀው ቤተሰብ ነው።

የዓባይ ማዶ፦ ለዚህ ሽማግሌ አለን እኮ! ደም የሚያደርቁ አባቶች ይሄ ያቅታቸዋል?

የሽምብጥ ልጅ፦ እህቴ፣ ሽማግሌ የሚላከው ሰውየው ሲታወቅ ነው። እኛ የምናውቀው የስልክ ቁጥር ብቻ ነበር።

ጋሽ መምህር፦ ሰባታሚት፣ ያልከው እውነት አለው። ቦታው ካልታወቀ ይከብዳል። ለዚያ ነው የሠለጠነ ሰው ከቤተሰቡ ጎን ይቀመጥ የምለው። ቢያንስ «ታጋቹ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቁ፣ ሳታረጋግጡ ብር አትላኩ» የሚል።

ሰባታሚት፦ እስኪመጣ ድረስ ልመና ነው። ቃሌን አላነሳም።

የሽምብጥ ልጅ፦ አጎቴ «የላማችን ስም ማነው?» ብሎ ነው የጠየቀው። ልጁ ከወዲያ «ቦራ» ሲል አክስቴ መሬት ላይ ዘፍ አለች። በማግስቱ መጀመሪያ የሸጥናት ቦራን ነው።