የኖክ ሴንሰር ቡሎን ምን ያህል ይጥበቅ?

የጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቪትዝ ነው የምነዳው። ባለፈው ወር የኖክ ሴንሰሩ፣ የሞተሩን ማንኳኳት የሚሰማው ማለት ነው፣ ተቀየረ። ደሴ ውስጥ ምንም አይልም፤ ከኮምቦልቻ ስመለስ ግን ሐረጎ ዳገት አጋማሽ ላይ ጉልበት ያጣል፣ የሞተሩ መብራትም ይበራል። የመኪናው ኮምፒውተር የሚያወጣው የብልሽት ኮድ ፒ 0325 ነው፤ የኖክ ሴንሰር ማለት ነው። ሽቦውን አስፈትሻለሁ፣ ደህና ነው። መካኒኩ «ጠብቋል፣ አይነቃነቅም» ይለኛል። ሌላ ሴንሰር ልግዛ?

የኮምቦልቻው መካኒክ፦
ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። አይነቃነቅም ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም። ይህ ሴንሰር የሞተሩን ማንኳኳት የሚሰማው በንዝረት ነው፤ ከብረቱ ጋር በልኩ ካልተጣበቀ ደንቆሮ ይሆናል። ኮምፒውተሩም ወሬው ሲጠፋበት ሞተሩን ለማዳን እሳቱን ያዘገያል። ዳገቱ ላይ ጉልበት የምታጣው ለዚህ ነው።

መሐሉ ላይ ቡሎን የሚያልፍበት ክብ ዓይነት ከሆነ የማጥበቂያው ኃይል ልክ 20 ኒውተን ሜትር ነው። የቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ ያስፈልጋል፤ የጎማ ዳዶ የሚጠብቅበት ትልቁ ግን ለዚህ አይሆንም፤ 100ን እንጂ 20ን አያውቅም። «እጄ ያውቃል» የሚሉትንም አትመን። እኔም እል ነበር፤ አንድ ቀን በጋለ ሞተር ላይ ካንዴላ ስፈታ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጥርስ እንደ ሽቦ ተጠቅልሎ አብሮ ወጣ። ያን ቀን የከፈልኩት ትንሹን ቁልፍ ይገዛ ነበር።

አስፈታውና መቀመጫውን እይ። ዝገትና ቀለም ይጽዳ፣ ግራሶ አይቀባ፣ ከሥሩ ሮንዴላ አይግባ። ብረት ለብረት።

የወልድያ ሾፌር፦
ጋሼ፣ ቶርክ ቁልፍ የሌለን ሰዎች ካንዴላ እንዴት እናጥብቅ?

የኮምቦልቻው መካኒክ፦
ሞተሩ ይቀዝቅዝ። አዲስ፣ ባለ ሮንዴላ ካንዴላ ከሆነ በጣትህ እስኪቆም ጠምዝዘው፤ ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛ። ያገለገለውን መልሰህ ከሆነ ሮንዴላው አስቀድሞ ስለተጨፈለቀ ትንሽ ገፋ ማድረግ ይበቃዋል። ለሴንሰሩ ግን ቁልፉን ተዋስ እንጂ በግምት አትሂድ።

የጦሳ ሥር፦
ዛሬ ጠዋት አስፈታሁት። ክቡ ዓይነት ነው። ከሥሩ አንድ ስንጥቅ ሮንዴላ ተቀምጦ ነበር፤ ሴንሰሩ በአንድ ጎኑ ብቻ ብረቱን ነክቶ፣ የነካበት ቦታ አብረቅርቋል። አውጥተን፣ አጽድተን፣ በተዋስነው ቁልፍ 20 ላይ አጠበቅነው፤ ኮዱም ተሰረዘ። ከሰዓት በኋላ ሐረጎን ሁለት ጊዜ ወጣሁት፣ መብራቱ አልበራም። ሮንዴላዋን ኪሴ ውስጥ ይዣታለሁ፤ ነገ ለመካኒኬ አሳየዋለሁ።