የአባቴን ፍሎፒ የሚያነብልኝ ማሽን አጣሁ

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። አባቴ ተማሪ ሳለ በማኪንቶሽ (ማክ) ኮምፒውተር የጻፋቸው ጽሑፎች ያሉባቸው 11 ፍሎፒዎች (የድሮ የኮምፒውተር ዲስኮች) አሉኝ። ሁሉም 3.5 ኢንች፣ 800 ኪሎባይት ናቸው። በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ገዝቼ ብሞክር ዊንዶውስ «ፎርማት ይደረግ?» (ያለበት ሁሉ ይጥፋ? እንደማለት) አለኝ። እንኳን እሺ አላልኩ!

እንደገባኝ ከሆነ የድሮው ማክ ዲስኩን አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዝግ እያደረገ ነው የሚያሽከረክረው፤ አጻጻፉም ጂሲአር ይባላል። የፒሲው ማንበቢያ ግን ሁሌም በደቂቃ 300 ዙር ብቻ ይሄዳል፤ የሚያውቀውም ኤምኤፍኤም የሚባለውን ሌላ አጻጻፍ ነው። ሲያዩት ግን ዲስኩ ያው አንድ ዓይነት! ያናድዳል።

1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ማንበቢያ አብሯቸው የተሠራ፣ በኋላ የወጡ ማኮች ሁለቱንም አጻጻፍ ያነባሉ። እንዲህ ያለ የሚሠራ ማሽን ያለው ሰው አለ? ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከሆነ ራሴ ይዤ እመጣለሁ። በፖስታ መላኩን ፈርቻለሁ።