«ከሕፃን ጋር» ወይስ «በሕፃን ላይ»? አንድ ዓረፍተ ነገር አስቸግሮኛል

ምዕራፍ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ የካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ) የሚያድለውን በራሪ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። ስለ ልጆች ደኅንነት ነው። ረቂቁን የተረጎመው ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ይላል፦

«የድንግልና ግዴታውን አፍርሶ ከሕፃን ጋር ያመነዘረ ካህን ማዕረገ ክህነቱን ይገፈፋል።»

ሰዋስዉ አይከፋም። ሳነበው ግን ይጎረብጠኛል፤ የቱ ጋ እንደሆነ መናገር አቃተኝ። «ድንግልና» ነው? «አመነዘረ» ነው? ወይስ «ጋር»? ዓርብ አስረክባለሁ። ስለ እግዚአብሔር፣ ግእዝ ውስጥ ገብታችሁ እንዳትጠፉብኝ።

ወንደላጤው፦
ላላገባ ሰው ቃል አለን እኮ። «የወንደላጤነት ግዴታውን አፍርሶ»። በቃ፣ አስረክቢ።

መሪጌታ ዘሌሊት፦
ቀልዱ ይቆየን። «ድንግልና» አይሆንም። ድንግል ማለት ከጅምሩ የተጠበቀ ማለት ነው። ለወንድም ለሴትም ይነገራል። እመቤታችን «ድንግል በክልኤ» ትባላለች፤ በሥጋም በሐሳብም። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ግን በላቲን (በምዕራቡ ካቶሊክ) ሥርዓት ቄስ መሆን ይችላል። ልጆች አሳድጎ፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ የመጣን ሽማግሌ «ድንግል» ልትሉት ነው? ትክክለኛው ቃል «ብሕትውና» ነው። እኔ ይህን ዛሬ ከስልክ ላይ አላነበብኩትም፤ ዜማ ቤት ሆኜ የተማርኩት ነው።

የቅኔ ቤት ትራፊ፦
ግሥ የሚቆጠረው ቅኔ ቤት ነው መሪጌታ። ዜማ ቤት ከማን ተማሩት?
ለማንኛውም «ብሕትውና» ከ«ባሕቲት» ነው፤ ብቻ መሆን። «ባሕታዊ» ሲባል እኔ የሚታየኝ ዋልድባ ነው። ከተማ መሐል ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር፣ በባቡር የሚመላለስ ቄስ በየት በኩል ባሕታዊ ሆነ?

መሪጌታ ዘሌሊት፦
ብሕትውና የልብ ነው ልጄ።

የቅኔ ቤት ትራፊ፦
ይኸው፣ መልስ ሲጠፋ «የልብ ነው» ይባላል።

ላቲን ቀመስ፦
ሁላችሁም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ናችሁ። «መነኩሴ» ከግሪኩ «ሞናኮስ» ነው፤ እሱም ብቸኛ ማለት ነው። ላቲኑ «ቼሌብስ» ደግሞ ሚስት የሌለው ማለት ብቻ ነው፤ ቅድስናም ንጽሕናም ውስጡ የለም። የጥንት ሮማውያን ግን ዝም ብለው አላለፉትም። ከ«ሰማይ» ጋር አገናኝተው «ላጤዎች እንደ ሰማያውያን ናቸው፣ የትዳር ጣጣ የለባቸውም» የሚል የሥርወ ቃል ትንታኔ የሚያቀርብ ሰው ነበራቸው። እዚህ ቤት ቢኖር ይስማማው ነበር።

ወንደላጤው፦
ስለዚህ ወንደላጤ ትክክል ነበር! መዝገብ ይያዝልኝ።

የሆሳዕና ልጅ፦
እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ ትንሽ ላጥራላችሁ። እኛ ጋ ካህን ሁሉ «አባ» ነው። ኦርቶዶክሱ ወንድሜ «አባ» ሲሰማ ቆብ ይታየዋል። ግራ መጋባቱ ከዚያ ነው። «ድኽነት፣ ንጽሕና፣ ታዛዥነት» የሚባሉት ሦስቱ መሐላዎች የመነኮሳትና የገዳማውያን ናቸው። የሀገረ ስብከት ካህን መነኩሴ አይደለም። ዲቁና ሲቀበል ላለማግባት ቃል ይገባል፤ ይኸው ነው።
ደግሞም ሕጉ የላቲኑ ሥርዓት ነው እንጂ የካቶሊክ ሁሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1139 ሁለተኛው የላተራን ጉባኤ የካህናትን ጋብቻ ዋጋ ቢስ አደረገው። የምሥራቅ ሥርዓት ያላቸው ካቶሊኮች ግን ያገባ ሰው ካህን ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ ቀኖናቸው (የቤተ ክርስቲያን ሕጋቸው) ያገቡ ካህናት ሊከበሩ ይገባል ይላል። ስለዚህ ምዕራፍ፣ እኔ ብሆን «ያለማግባት ግዴታ» ብዬ እጽፋለሁ። ረጅም ነው፤ ግን አይዋሽም።

ምዕራፍ፦
አመሰግናለሁ! «ያለማግባት» ወሰድኩት። አሁን ዋናው ቀረ፤ «ከሕፃን ጋር ያመነዘረ»።

መሪጌታ ዘሌሊት፦
«አመነዘረ» እንዳትነኪ። የሕጉ ቃል ነው።

ፍሬ ከናፍር፦
«አመነዘረ» እና «መነዘረ» አንድ ሥር ናቸው ብዬ አምናለሁ። ብር ስትመነዝር አንዱን ሰጥተህ ሌላውን ትቀበላለህ። አመንዝራም የራሱን ሰጥቶ የሰው ይቀበላል። ምንዛሪ ነው ነገሩ። እንግዲህ ምንዛሪ ሁለት ተዋዋይ ይፈልጋል። ሕፃን ተዋዋይ አይደለም። ስለዚህ ቃሉ ከሥሩ አይገጥምም።

የቅኔ ቤት ትራፊ፦
መደምደሚያህ ልክ ነው፣ መንገድህ ገደል ነው። ግእዙ «ኢትዘሙ» ነው የሚለው። «መነዘረ» የገበያ ቃል ነው። ሁለት ቃል ስለተመሳሰለ ዘመድ አይሆንም፤ አለዚያማ «ገደል» እና «ገድል» ወንድማማች ናቸው።

ፍሬ ከናፍር፦
ናቸው እኮ! ገድል የሚጻፍለት አብዛኛው ጻድቅ ገደል ላይ ነው የኖረው 😄

አቡ ሚካኤል፦
ሥሩን ትታችሁ አጠቃቀሙን እዩ። «ከእሷ ጋር አመነዘረ» ሲባል እሷም ጥፋተኛ ናት። አማርኛው «ጋር» ያለውን ሁሉ አብሮ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ከእሱ ጋር በላ፣ ከእሱ ጋር ሰረቀ፣ ከእሱ ጋር አመነዘረ። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተባባሪ ሆኖ ነው የተቀመጠው። ምዕራፍን የጎረበጣት ይኸው ነው።

ላቲን ቀመስ፦
አቡ ሚካኤል ነጥቡን መታው፤ ግን ተርጓሚውን አትክሰሱ። ላቲኑ ራሱ ነው እንዲህ የሚለው። የቀኖናው አነጋገር «በስድስተኛው ትእዛዝ ላይ፣ ኩም ሚኖሬ፣ የተፈጸመ ወንጀል» ነው። «ኩም» ማለት «ጋር» ነው፤ «ሚኖሬ» ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰ። ሰውየው ቃል በቃል ታምኖ ተርጉሟል።
የሚገርመው ቦታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983ቱ ቀኖና ይህ ወንጀል ያለው ቁጥር 1395 ላይ ነበር። ርእሱ «በልዩ ግዴታዎች ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች» ይላል። ጎረቤቶቹን እዩ፤ 1394 ላይ ለማግባት የሞከረ ካህን አለ፤ እዚያው 1395 ላይ ደግሞ ሴት ያስቀመጠ ካህን። ሕፃን የደፈረውም ከነሱ ጋር ተሰልፏል። የተበደለው ቃል ኪዳኑ ነው ማለት ነው። ልጁ የለም።
እ.ኤ.አ. በ2021 ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ስድስተኛውን የቀኖና መጽሐፍ (የቅጣቱን ክፍል) ሲያሻሽሉ ወደ 1398 ተዛወረ። አዲሱ ርእስ «በሰው ሕይወት፣ ክብርና ነጻነት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች» ነው። ቤቱ ተቀየረ። «ስድስተኛው ትእዛዝ» እና «ኩም» ግን ዕቃቸውን ይዘው አብረው ገቡ።

ታናሽ ወንድም፦
ስድስተኛው ትእዛዝ እኮ «አትግደል» ነው?

የቅኔ ቤት ትራፊ፦
በእናንተ በፕሮቴስታንቶች ቆጠራ። በካቶሊክም በኛ በኦርቶዶክሶችም «አታመንዝር» ነው።

ታናሽ ወንድም፦
ለሕፃኑማ የኛ ቆጠራ ሳይሻለው አይቀርም።

አቡ ሚካኤል፦
👏 የዛሬው ምርጥ መልስ።

መሪጌታ ዘሌሊት፦
ተርጓሚ ሕግ አያሻሽልም። ላቲኑ «ጋር» ካለ አማርኛውም «ጋር» ይላል። ቅር ያለው ለሮም ደብዳቤ ይጻፍ።

አቡ ሚካኤል፦
ይህ እኮ የቀኖና ትርጉም አይደለም፤ ለእናቶች የሚታደል ወረቀት ነው! እናት አንብባ «ልጄ ከቄሱ ጋር አመነዘረ» ብላ ወደ ቤቷ ትግባ? የኛ የወንጀል ሕግ እንኳን «ድፍረት» እና «ላይ» ነው የሚለው። በልጅ ላይ የሚፈጸም። «ደፈረ» ሲባል አንዱ ደፋሪ፣ ሌላው ተደፋሪ ነው። ሦስተኛ መንገድ የለውም።

የሆሳዕና ልጅ፦
«ደፈረ» ግን ሁሉንም አይሸፍንም። መነካካት አለ፤ ፎቶ ማንሳት አለ። «ጾታዊ ጥቃት» ቢባል ሰፋ ይላል።

ፍሬ ከናፍር፦
«ጥቃት» ደስ የሚል ቃል ነው፤ ማለቴ እንደ ቃል። «ጥቃት አይወድም»፣ «ጥቃቴን ተወጣልኝ» እንላለን። ጥቃት ሁልጊዜ የተጠቂው ንብረት ነው። የአጥቂው ኃጢአት «ዝሙት» ሊሆን ይችላል፤ የልጁ ግን ጥቃት ነው። አንዱ ቃል የንስሐ አባት ጋ ይወስድሃል፣ ሌላው ፖሊስ ጣቢያ።

ላቲን ቀመስ፦
ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2002 የአሜሪካ የቦስተን ጋዜጠኞች ልጆችን የደፈሩ ካህናትን ጉዳይ ሲያወጡ የታየው ይኸው ነው። ጳጳሳቱ ነገሩን እንደ ኃጢአት ያዙት። ሰውየውን ለሕክምናና ለሱባዔ ላኩት፤ ከዚያ ሌላ ቁምስና መደቡት። የቦስተኑ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል በርናርድ ሎው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካዋ ፔንስልቬንያ ግራንድ ጁሪ (የዜጎች መርማሪ ጉባኤ) በስድስት ሀገረ ስብከቶች ብቻ ከ300 በላይ ካህናትንና ከ1,000 በላይ ልጆችን ቆጠረ። ሰነዶቹ ውስጥም ነገሩን የሚያለሰልሱ ቃላት እንደነበሩ ጁሪው ራሱ ጽፏል።

ወንደላጤው፦
አሁን ከቀልዴ ልውጣ። መነሻው ራሱ አለማግባት አይደለም ወይ? ቢያገቡ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

የሆሳዕና ልጅ፦
ያገባ አጎት፣ ያገባ አስተማሪ፣ ያገባ እንጀራ አባት የለም? ልጅ የሚደፍር ሰው ሚስት አጥቶ አይደለም።

ላቲን ቀመስ፦
ሁለታችሁንም የሚያስከፋ መልስ አለኝ። የአሜሪካ ጳጳሳት ያስጠኑት የጆን ጄይ ኮሌጅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 «መንስኤው አለማግባት አይደለም» አለ፤ ሕጉ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሳይለወጥ ሲቆይ የጥቃቱ ቁጥር ግን ሲወጣና ሲወርድ ስለታየ። የአውስትራሊያው ሮያል ኮሚሽን (መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን) ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 «ቀጥተኛ መንስኤ አይደለም፤ ከሌሎች ነገሮች ጋር ሲደመር ግን አስተዋጽኦ አለው» ብሎ ለሀገረ ስብከት ካህናት አለማግባቱ በፈቃደኝነት ይሁን የሚል ምክር ሰጠ። ቫቲካን ሕጉን አልለወጠም።
የኔን ግምት ከጠየቃችሁኝ፣ ጥፋቱ ላጤነቱ ላይ ሳይሆን «እንዳይሰማ» የሚለው ላይ ነው። ካህኑ አለማግባቱን አፍርሶ ከትልቅ ሴት ጋር ቢገኝም፣ ልጅ ደፍሮ ቢገኝም በአንድ መሶብ ተከደነ። ሁለቱንም «ውድቀት» አሏቸው። «ወደቀ» የሚለውን አማርኛም ልብ በሉት፤ ማን ላይ እንደወደቀ አይናገርም።

የቅኔ ቤት ትራፊ፦
ይህን «ወደቀ» ለብቻው ውይይት ክፈትለት።

መሪጌታ ዘሌሊት፦
«ይገፈፋል» የሚለውን ማንም አላየውም። ካህን አይገፈፍም፤ ክህነቱ ይፈርሳል። «የፈረሰ ቄስ» አልሰማችሁም? ሲታገድ ደግሞ «ሥልጣነ ክህነቱ ተያዘ» ይባላል።

የሆሳዕና ልጅ፦
በኛ ትምህርት አይፈርስም መሪጌታ። ክህነት የማይፋቅ ማኅተም ነው። የቀድሞው አሜሪካዊ ካርዲናል ማካሪክ እ.ኤ.አ. በ2019 ከቀሳውስት ተርታ ሲወጣ አገልግሎቱን ነው ያጣው፤ ማኅተሙን አይደለም። ስለዚህ «ከክህነት አገልግሎት ይሰናበታል»።

መሪጌታ ዘሌሊት፦
«ይሰናበታል»? ጡረታም ይጨምሩለት?

ምዕራፍ፦
እናንተ ሰዎች! ዓርብ ደርሷል። እስካሁን የያዝኩት ይኸውላችሁ፦ «ያለማግባት ግዴታውን ጥሶ በሕጻን ላይ ጾታዊ ጥቃት የፈጸመ ካህን…»

አቡ ሚካኤል፦
«ያለማግባት ግዴታውን ጥሶ» የሚለውን አውጪው። አለዚያ እንደገና ከ1395 ጎረቤቶች ጋር አስቀመጥሽው። በልጅ ላይ የፈጸመው ነው ወንጀሉ፤ ላጤነቱ እዚያ ምን ይሠራል?

መሪጌታ ዘሌሊት፦
ግዴታው ካልተጠቀሰ ካህን መሆኑ ምን ትርጉም አለው?

የቅኔ ቤት ትራፊ፦
ቆይ ቆይ። ከዚያ በፊት «ሕጻን» ብለሽ በጸሎቱ ጸ ጽፈሻል። በፀሐዩ ፀ ነው፤ ሕፃን።

ፍሬ ከናፍር፦
በዘመናችን ሁለቱም ይሄዳል።

የቅኔ ቤት ትራፊ፦
የት ነው የሚሄደው?

መሪጌታ ዘሌሊት፦
በዚህ እንኳን ከትራፊው ጋር ነኝ። ፀሐዩ ፀ፣ ሐመሩ ሐ።

ታናሽ ወንድም፦
«ንጽሕና»ስ?