አዲስ የሙዚቃ መጽሔት፦ እናሳትመው ወይስ በፒዲኤፍ እንልቀቀው?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በየሁለት ወሩ የሚወጣ የሙዚቃ መጽሔት ልንጀምር ነው። ቃለ መጠይቅ፣ የአልበም ዳሰሳ፣ ፎቶም ይበዛበታል። የመጀመሪያው እትም 30 ገጽ ወጥቶታል። ያልተስማማነው አወጣጡ ላይ ነው። እኔ ወረቀት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነኝ፣ አንዱ ፒዲኤፍ ይላል፣ ሌላው ድረ ገጽ ይበቃል ይላል። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ «1,000 ካሳተማችሁ የአንዱ ዋጋ በጣም ይረክሳል» ሲለን ልባችን ሸፈተ። ምን ትመክሩናላችሁ?

የድሮ አርታኢ፦
ያቺ «ይረክሳል» የምትል ቃል እኔንም ጉድ ሠርታኛለች። ውሸት አይደለም። በኦፍሴት፣ ማለትም በሰሌዳ በሚያትመው ማሽን ሲታተም፣ ፕሌት (ሰሌዳውን) ማውጣቱና ማሽኑን ማዘጋጀቱ 200 አሳተምክ 1,000 ያው ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ያልተሸጠው ግን ሙሉ ኪሳራ ነው። እኛ ለሱቆች «ሲሸጥ ትከፍላላችሁ፣ ያልተሸጠውን ትመልሳላችሁ» ብለን ሰጠን። መለሱልን! ጥጉ የተጣጠፈ፣ ሽፋኑን ፀሐይ የበላው። እስካሁን አልጋዬ ሥር ሦስት ካርቶን አለ፣ ቤት ስጠርግ እየገፋሁት ነው። 100 ወይም 150 ፕሌት በማይፈልገው በዲጂታል ማተሚያ አሳትሙ። አንዱ ይወደድባችኋል፣ ይወደድ። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ቀድሞ የሚከፍል አንባቢ መዝግቡ፣ ኮንሰርት በር ላይም ይዛችሁ ቁሙ።

ዲዛይነሯ፦
30 ገጽ አይሆንም። መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ ከሆነ ገጹ ለ4 መካፈል አለበት፣ ወይ 28 ወይ 32 አድርጉት። ፎቶው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፣ ቀለሙን ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ወደ ማተሚያው አራት ቀለሞች ቀይሩት። የመድረክ ፎቶ ስክሪን ላይ ያምርና ወረቀት ላይ ይጠቁራል። እኔ ፊቱ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ጊታሩ ብቻ የቀረ ጊታሪስት አሳትሜ አውቃለሁ። ናሙና ሳታዩ እሺ እንዳትሉ። ፒዲኤፍ ባዩ ጓደኛህ ደግሞ ኤ4 ገጽ በሁለት ዓምድ ስልክ ላይ እስኪ ያንብበው። ግራ ቀኝ ሲጎትት ይውላል።

አንባቢ ብቻ፦
ወረቀት አብቅቶለታል። የእንግሊዙ የሙዚቃ መጽሔት ኤንኤምኢ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2015 በነጻ መታደል ጀምሮ በ2018 ሳምንታዊ ህትመቱን አቆመ። ሌላው የእንግሊዝ የሙዚቃ መጽሔት ኪውም በ2020 ተዘጋ።

የድሮ አርታኢ፦
ኤንኤምኢ እኮ በ2023 በወረቀት ተመልሷል፣ ያውም በየሁለት ወሩ። ዜናውን ድረ ገጽ ወስዶታል፣ ለእሱ ማንም ወረቀት አይገዛም። ሰው የሚገዛው ሊያስቀምጠው ነው። አጫጭሩን ድረ ገጹ ላይ ልቀቁት፣ ረጅሙን ቃለ መጠይቅና ፎቶውን ለወረቀት አቆዩት።

ጀማሪው፦
እሺ፣ 120 ቅጂ፣ 32 ገጽ። ድረ ገጽ ባዩ ከአሁኑ «አላልኳችሁም!» እያለ ነው። ሁለቱን ትርፍ ገጽ ምን እንሙላባቸው?

ዲዛይነሯ፦
ማስታወቂያ! ማተሚያ ቤቱን ራሱን ጠይቁት።